ፍሎራይድን በግራፊን ኦክሳይድ ሜምብሬን ማስቀረት፦ ከላቦራቶሪ ክብ ማጣሪያ እስከ መንደር ቧንቧ

ክቡራትና ክቡራን፣

ከስስ የካርቦን ንጣፍ፣ ከግራፊን፣ ስለሚሠራ የውሃ ማጣሪያ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ውሃው ምን ያህል እንደሚፈጥን ነው። ለመጠጥ ውሃ ግን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፦ ምን ይቀራል? የሚቀረውስ ለስንት ወር ይቀራል? ይህን ጥያቄ በደፈናው ማንሳት ብዙ አያራምድም፤ ስለዚህ አንድ የታወቀ ውሃ ይዘን እንሂድ። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ይሁን፤ ማስቀረት የምንፈልገውም ፍሎራይድ ነው።

ከመተሐራና ከወንጂ ተነስቶ በዝዋይና በሻላ አካባቢ አልፎ እስከ ሐዋሳ በሚዘልቀው የሸለቆ ወለል ላይ የተቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል። ከ10 የሚያልፉም አሉ። መጠኑ ከ1.5 ሲያልፍ መጀመሪያ የሚታየው የልጆች ጥርስ መበለዝ ነው። ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ያለውን ውሃ ለዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ መነካት ይጀምራል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ደግሞ አከርካሪና መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ሰው ጎብጦ ይቀራል። በወንጂና በመተሐራ ስኳር እርሻዎች ለረጅም ዘመን በሠሩ ሰዎች ላይ ይህ በሕክምና ተመዝግቧል። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ማፍላትም አያጠፋውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበረታል እንጂ።

የውሃውን ጠባይ ካላወቅን ሜምብሬኑን፣ ማለትም ስሱን የማጣሪያ ሽፋን፣ መምረጥ አንችልም። ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ዓለትና አመድ ነው። ውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር። የሸለቆው ውሃ ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 በላይ የሆነ ነው። የሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) መጠኑም ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሶዲየም፣ ጥቂት ካልሲየም፣ ከፍ ያለ ፒኤች፣ ብዙ ሲሊካ፤ እነዚህን አራቱን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚበላሸው ነገር ሁሉ ከእነሱ በአንዱ ነው የሚበላሸው።

እስካሁን በሥራ ላይ የዋሉት ዘዴዎች ይታወቃሉ። አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ፣ ከሕንድ ከተማ ስሙን ያገኘው የናልጎንዳ ዘዴ፣ ርካሽ ነው፤ ግን ፍሎራይዱ በበዛ መጠን የሚጨመረው ኬሚካል ይበዛል፣ በውሃው ውስጥ ሰልፌት ይቀራል፣ ዝቃጩም መጣያ ይፈልጋል። የተቃጠለ የአጥንት ከሰል ጥሩ ይይዛል፤ ሲሞላ ግን ሳይናገር ነው የሚሞላው፣ ካልተለካ ማንም አያውቅም። አክቲቬትድ አሉሚና፣ ማለትም ቀዳዳ የበዛበት አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ በተሻለ የሚሠራው ፒኤች ከ5 እስከ 6 ባለው ሲሆን የሸለቆው ውሃ ከዚያ በጣም ይርቃል። ሦስቱም ፍሎራይዱን ይዘው የሚያስቀሩ ናቸው፤ የአጥንት ከሰሉና አሉሚናው ደግሞ ሲሞሉ ሥራቸው ያበቃል። ሜምብሬን የተለየ ነው፤ ፍሎራይዱን አይዘውም፣ አያሳልፈውም እንጂ።

አሁን ወደ ግራፊን። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለይተው ያወጡት፣ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው፣ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። እንከን የሌለው ግራፊን ውሃ አያሳልፍም፤ ሂሊየም ጋዝ እንኳ አያሳልፍም። ስለዚህ ማጣሪያ ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ንጣፉን መብሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኦክስጅን ፕላዝማ ናኖሜትር የማያህሉ ቀዳዳዎች ተበስተው ጨው ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሲቀር ታይቷል፤ የተሠራው ግን በማይክሮሜትር በሚለካ ስፋት ላይ ነው። መንደር ለማጠጣት ካሬ ሜትሮች ያስፈልጋሉ። በእኔ ግምት ይህ መንገድ ለመጠጥ ውሃ ገና ሩቅ ነው፤ እዚሁ እንተወው።

ሁለተኛው መንገድ ግራፊን ኦክሳይድን መደርደር ነው። ግራፋይት በጠንካራ ኦክሲዳይዘር ሲበላ ንጣፎቹ ኦክስጅን ያዘሉ ቡድኖች ይይዛሉ፦ ሃይድሮክሲል፣ ኢፖክሳይድ፣ በጠርዞቹ ላይ ደግሞ ካርቦክሲል። እነዚህ ቡድኖች ውሃ ስለሚወዱ ንጣፎቹ በውሃ ውስጥ ተበትነው ይቆያሉ። ያን ውሃ በደጋፊ ማጣሪያ ላይ ሲያንጠባጥቡት ንጣፎቹ እንደ ወረቀት ጥራዝ ይደራረባሉ። ውሃው ንጣፉን አይበሳም፤ በንጣፎቹ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ጎን እየተንሸራተተ፣ ጠርዝ ሲያገኝ እየወረደ ነው የሚያልፈው። የማንቸስተር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ሂሊየም የማያልፍበትን ይህን ድርድር የውሃ ተን ያለ ችግር ሲያልፍበት አሳየ፤ ወሬው የተነሳው ያኔ ነው።

ቁልፉ ያለው ክፍተቱ ላይ ነው። ደረቅ ሲሆን ከአንዱ ንጣፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ከ0.7 እስከ 0.8 ናኖሜትር ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ያብጣል፤ ከ1.3 እስከ 1.4 ይደርሳል። ከዚህ ላይ የካርቦኑ ንጣፍ ራሱ የሚይዘውን 0.34 ያህል ስንቀንስ ለማለፊያ ባዶ የሚሆነው 1 ናኖሜትር ያህል ነው። በ2014 የተለካውም ይህንኑ ይመስላል፤ የውሃ ልባሳቸውን ጨምሮ ዳያሜትራቸው ከ0.9 ናኖሜትር የሚበልጡት ተከልክለዋል፣ የሚያንሱት ግን በፍጥነት አልፈዋል። ፍሎራይድ ከነውሃ ልባሱ 0.70 ናኖሜትር ያህል ነው። ሶዲየም 0.72፣ ክሎራይድ 0.66፣ ማግኒዚየም እንኳ 0.86 ነው። በስፋት ብቻ ካየነው ያበጠ ግራፊን ኦክሳይድ ለፍሎራይድ የተከፈተ በር ነው። ቀለም የሚያስቀሩ ውጤቶች ስለ ፍሎራይድ ምንም አይነግሩንም። ለምሳሌ በ2013 የወጣ አንድ ሥራ ከ99 በመቶ በላይ ማቅለሚያ አስቀርቶ በካሬ ሜትር በሰዓት በአንድ ባር 21.8 ሊትር አሳልፏል፤ ያው ሜምብሬን ከጨው ያስቀረው ግን እንደ ጨው ዓይነቱ ከ20 እስከ 60 በመቶ ብቻ ነበር።

ታዲያ ፍሎራይድ በምን ይቀራል? በሁለት ነገር። አንደኛው ክፍተቱን ማጥበብ ነው። በ2017 ድርድሩን በእርጥበት መጠን አስተካክለው በኢፖክሲ ሙጫ ከጎንና ከጎን አስረው፣ ከመሃል መሃል ያለውን ርቀት ከ0.98 እስከ 0.64 ናኖሜትር ባለው ውስጥ መወሰን እንደሚቻል አሳይተዋል። ግራፊን ቀላቅለውበትም 97 በመቶ የገበታ ጨው አስቀርተዋል። ክፍተቱ ሲጠብ አዮኑ ከልባሱ ጥቂት ውሃ ጥሎ መግባት ይኖርበታል። ፍሎራይድ ደግሞ ልባሱን አጥብቆ ይይዛል፤ የውሃ ልባስ ኃይሉ በሞል 465 ኪሎጁል ያህል ሲሆን የክሎራይድ 340 ያህል ነው። ስለዚህ የጠበበ በር ፊት ፍሎራይድ ከክሎራይድ ይልቅ ይቸገራል። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው።

ሁለተኛው ቻርጅ ነው። ፒኤች ከፍ ሲል የካርቦክሲል ቡድኖቹ ሃይድሮጅናቸውን ጥለው ኔጌቲቭ ይሆናሉ። በሸለቆው ውሃ ፒኤች ፍሎራይድም ሙሉ በሙሉ ኔጌቲቭ አዮን ነው። ተመሳሳይ ቻርጅ ይገፋፋልና ፍሎራይዱ ከበሩ ይመለሳል። የዚህ ግፊያ ኃይል ውሃው ውስጥ ያለው ጨው ሲበዛ ይዳከማል፤ በተጣራ ውሃ ላይ ሶዲየም ፍሎራይድ ብቻ ጨምሮ የተለካ ውጤት በባይካርቦኔት በተሞላ የጉድጓድ ውሃ ላይ የማይደገመው ለዚህ ነው።

ከዚህ ላይ የሥራው ሁሉ ቋጠሮ ይመጣል። ፍሎራይዱን የሚገፋው ቻርጅ ንጣፎቹንም እርስ በርሳቸው ይገፋል። ፒኤች ከፍ ባለ፣ ሶዲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ያልታሰረ የግራፊን ኦክሳይድ ድርድር ያብጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ከደጋፊው ተልጦ ይበተናል። ማሰር የግድ ነው፤ የምናስርበት ነገር ግን ቻርጁን ከበላብን ፍሎራይዱን እናሳልፋለን። የምንመርጠው ማስተሳሰሪያ በዚህ ሚዛን ላይ ነው የሚፈረደው።

ካልሲየም ቀላሉ ነው፤ ሁለት ካርቦክሲልን ያገናኛል። ግን ለእኛ ውሃ አይሆንም። ካልሲየም ያነሰውና ሶዲየም የበዛው ውሃ እያለፈ ካልሲየሙን እያወጣ ሶዲየም ይተካል፤ ድርድሩም በቀናት ውስጥ ወደ ማበጡ ይመለሳል። አሉሚኒየም ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሦስት ቻርጅ ስላለው ግን የኔጌቲቩን ብዙ ድርሻ ያጠፋል፣ ፒኤች በጣም ሲጨምር ደግሞ ራሱ ይሟሟል። ኤቲሊን ዳይአሚን ኢፖክሳይዶቹን ከፍቶ ስለሚያያዝ በጨው አይለቀቅም፤ መጠኑ ከበዛ ግን ካርቦክሲሉንም ይይዘዋል። በሙቀት ወይም በኬሚካል ኦክስጅኑን መቀነስ ክፍተቱን ያጠባል፣ ማበጡንም ያቆማል፤ አብዝተው ከቀነሱት ግን ውሃም ጋዝም የማያሳልፍ ሽፋን ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ከእነዚህ የምመርጠው ጥቂት ዳይአሚንን ከመለስተኛ ሙቀት ጋር አጣምሮ፣ የታችኛውን ንጣፍ ደግሞ ከደጋፊው ጋር በጽኑ ማጣበቅ ነው።

የግራፊን ኦክሳይዱን አሠራር በዝርዝር እንየው። ከድሮው የሃመርስ ዘዴ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የተሻሻለው ዘዴ ይመረጣል፤ ሶዲየም ናይትሬት ስለማይገባበት መርዛማ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ አያወጣም። 3 ግራም የግራፋይት ቅንጣትና 18 ግራም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይመዘናሉ፤ 360 ሚሊሊትር የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ከ40 ሚሊሊትር ፎስፎሪክ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ይጨመርባቸዋል። ድብልቁ በራሱ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይሞቃል። ከዚያ 50 ዲግሪ ላይ ለ12 ሰዓት ይማሰላል። ፐርማንጋኔትና ሰልፈሪክ አሲድ ሲገናኙ የሚፈጠረው ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ ከ55 ዲግሪ ሲያልፍ ሊፈነዳ ይችላልና ቴርሞሜትሩ ከዕቃው ውስጥ አይወጣም፣ በአቅራቢያውም አልኮል ወይም አሴቶን አይቀመጥም። ከቀዘቀዘ በኋላ 400 ሚሊሊትር በሚሆን በረዶ ላይ 3 ሚሊሊትር 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ታክሎ ይፈስሳል፤ የቀረው ፐርማንጋኔት ሲጠፋ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል።

አጠባው ከኬሚስትሪው ይበልጥ ሰው ያስመርራል። ወዲያው በንጹህ ውሃ ከታጠበ ያብጥና እንደ ጄል ሆኖ አልዘቅጥም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በአሥር እጅ ውሃ ተበርዞ በእሱ ይታጠባል፤ ማንጋኒዙና ሰልፌቱ የሚወጡትም በዚህ ነው። ከዚያ በዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በየቀኑ ውሃው እየተቀየረ፣ የውጪው ውሃ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም ከተጣራ ውሃ እስከሚጠጋ ድረስ ይቆያል፤ ሳምንት ያህል ይወስዳል። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። የቀረው ማንጋኒዝ ንጣፎቹን ያጓጉላቸዋል፣ ኋላም ወደ መጠጥ ውሃው ይወጣል። የተዘጋጀው ግራፊን ኦክሳይድ በውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል እንጂ አይደርቅም፤ የደረቀው እንደገና በደንብ አይበተንም፣ የፖታሲየም ጨው የቀረበት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ንጣፎቹን ለመለያየት በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ በሚያናውጥ) መታጠቢያ ውስጥ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሲረዝም ንጣፎቹ ይሰባበራሉ። ትንንሽ ንጣፍ ብዙ ጠርዝ ስላለው ውሃው አጭር መንገድ አግኝቶ ይፈጥናል፤ ድርድሩ ግን ይደክማል፣ አዮንም በቀላሉ ያልፋል። ለፍሎራይድ ትልልቁ ንጣፍ ይሻላል። ያልተለያየው ጥቅጥቅ በሴንትሪፊውጅ ይወገዳል። ከዚያ ትክክለኛው መጠን መታወቅ አለበት፤ 10 ሚሊሊትር ተወስዶ በመለስተኛ ሙቀት ደርቆ ይመዘናል።

ውፍረቱ ከክብደቱ ይሰላል። የ47 ሚሊሜትር ክብ ማጣሪያ በመያዣው ውስጥ የሚሠራው ክፍሉ 40 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 12.6 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። የድርድሩን እፍጋት 1.8 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብንወስድ 0.1 ሚሊግራም ግራፊን ኦክሳይድ 44 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ይሰጣል፤ 1 ሚሊግራም ደግሞ 440። 0.1 ሚሊግራሙን በ50 ሚሊሊትር ውሃ አቅጥኖ ማፍሰስ ከትንሽ ውሃ ይልቅ እኩል ይዘረጋዋል። 44 ናኖሜትር ላይ አንድ ማይክሮሜትር የሚያህል የአቧራ ቅንጣት ግዙፍ ነገር ነው፤ ዙሪያውን ቀዳዳ ይተዋል። ውሃውም ዕቃውም ቀድሞ በ0.2 ማይክሮሜትር መጣራት የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ደጋፊው ፖሊኢተርሰልፎን የሚባለው ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ውሃ የሚሸሽ ደጋፊ ከሆነ ድርድሩ ሲደርቅ ይላጣል። መፍትሄው በፖሊዶፓሚን መቀባት ነው፦ ዶፓሚን 2 ሚሊግራም በሚሊሊትር፣ ፒኤቹን 8.5 ላይ በሚያጸና የትሪስ በፈር፣ አየር እያገኘ፣ መልኩ ቡናማ እስኪሆን። ይህ ሽፋን ደጋፊውንም ግራፊን ኦክሳይዱንም ስለሚይዝ ከታች የምንፈልገውን ማጣበቅ ይሰጠናል። ውሃው ካለቀ በኋላ በቫኪዩም ወይም በምድጃ በችኮላ አያድርቁት፤ ይሰነጠቃል። በክፍል ሙቀት ተሸፍኖ ይደር።

አሁን ስለ ልኬት፤ በጣም የማስበውም እዚህ ላይ ነው። በላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ደጋፊ አኖዳይዝድ አሉሚና፣ በኤሌክትሪክ የተሠራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን፣ ነው፤ ቀዳዳዎቹ እኩል ናቸው፣ ለመሥራት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ግራፊን ኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ጸንቶ የሚቆየው ከዚህ ደጋፊ በሚወጣ አሉሚኒየም ስለታሰረ እንደሆነ፣ በፖሊመር ወይም በቴፍሎን ላይ የተሠራው ያው ድርድር ግን በውሃ ውስጥ እንደሚበተን ታወቀ። በፍሎራይድ ላይ ደግሞ ማታለሉ ይደራረባል። አሉሚና ራሱ ፍሎራይድ ይይዛል፤ ሜምብሬኑ ያስቀረው የመሰለን ከታች ያለው ደጋፊ የያዘው ሊሆን ይችላል። ሟሙቶ የወጣው አሉሚኒየምም ከፍሎራይድ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤ የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ የሚያየው ነፃውን ፍሎራይድ ብቻ ስለሆነ የተያያዘውን አይቆጥረውም። ስለዚህ አንድ እጅ ናሙና ከአንድ እጅ ቲሳብ በፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ቲሳብ ፒኤቹን ከ5 እስከ 5.5 አድርጎ አሉሚኒየሙን ይነጥቀዋል። ያለ ቲሳብ የተነበበ ቁጥር አይታመንም።

ከዚያ ሒሳቡ መዘጋት አለበት። የገባው ፍሎራይድ፣ ያለፈው፣ ከላይ የቀረው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ተደምረው ከመጀመሪያው ካነሱ የጎደለው ሜምብሬኑ ውስጥ ተይዟል ማለት ነው፣ ያም ሲሞላ ይለቃል። ብረት፣ ዚርኮኒየም ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተቀላቀለባቸው የግራፊን ውህዶች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ድንቅ የሚመስሉት በዚህ ነው። መለኪያው የሚጀመርበት ሰዓትም ይወስናል፤ ግፊት ሲያርፍበት ድርድሩ ይጠቀጠቃል፣ ፍሰቱ ይወርዳል፣ ከረጋ በኋላ ያለው ቁጥር ነው ቁጥር። ግራፊን ኦክሳይድ ራሱ ወደ ውሃው አለመውጣቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ በአልትራቫዮሌት ስፔክትሮሜትር 230 ናኖሜትር ላይ የሚታይ ጉብታ ካለ እየተላጠ ነው።

ከክብ ማጣሪያ ወደ መንደር ስንሄድ ስፋቱ ራሱ ችግር ይሆናል። 500 ሰው በቀን 20 ሊትር ቢጠጣና ቢያበስልበት 10 ሜትር ኩብ ነው። በካሬ ሜትር በሰዓት 20 ሊትር የሚሰጥ ሜምብሬን በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 50 ካሬ ሜትር ይፈለጋል፤ 40 ሺህ ያህል የላቦራቶሪ ክብ ማጣሪያ ማለት ነው። በቫኪዩም እያንጠባጠቡ እዚያ መድረስ አይቻልም። አውስትራሊያ ውስጥ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ወፍራም የግራፊን ኦክሳይድ ድብልቅን እንደ ማተሚያ ቀለም በሮለር ስበው 13 በ14 ሴንቲሜትር የሚሆን ሽፋን ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አወጡ። ሲሳብ ንጣፎቹ በአንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ ድርድሩም ይስተካከላል። ወደ ፋብሪካ የሚወስደው መንገድ ይህ ነው።

ሌላው መንገድ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሜምብሬን፣ ፖሊአማይድን፣ በግራፊን ኦክሳይድ ማጠናከር ነው። ፖሊሰልፎን ደጋፊው መጀመሪያ 2 በመቶ ሜታፌኒሊን ዳይአሚን ባለበት ውሃ ለሁለት ደቂቃ ይነከራል፤ ቀጥሎ 0.1 በመቶ ትራይሜሶይል ክሎራይድ ያለበት ሄክሴን ለአንድ ደቂቃ ይፈስበታል። በሁለቱ መገናኛ ላይ ስስ ፖሊአማይድ ይሠራል። ግራፊን ኦክሳይዱ በዳይአሚኑ ውሃ ውስጥ ከ0.01 እስከ 0.1 በመቶ በሚሆን መጠን ይገባል። ዳይአሚኑ ንጣፎቹን ስለሚያያይዛቸው ድብልቁ ከቆየ ይጓጉላል፤ በሶኒኬተር እንደተበተነ ወዲያው ሥራ ላይ ይዋል። የውሃ ጠብታ በደጋፊው ላይ ከቀረ በዚያ ቦታ ፖሊአማይዱ ይቀደዳል፤ በጎማ ሮለር ተጠርጎ መውጣት አለበት። ወይም ደግሞ ያለቀለት ፖሊአማይድ ላይ ግራፊን ኦክሳይድ ይለበዳል። ፖሊአማይድ ከ0.1 ሚሊግራም በሊትር የሚበልጥ ነፃ ክሎሪን በየጊዜው ካገኘው ይበላል፤ የግራፊን ኦክሳይድ ልባድ ይህን ያዘገየዋል፣ ገጹም ውሃ ወዳድ ስለሚሆን ቆሻሻ ይቀንስበታል።

እዚህ ላይ ፍርዴን በግልጽ ልናገር። ነገ ጠዋት ጉድጓዷን መጠቀም ያለባት ከተማ ካለች ምርጫዋ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ተራ ፖሊአማይድ ሜምብሬን ነው። ግራፊን ኦክሳይድ ዛሬ የሚረዳው ያን ሜምብሬን ረጅም ዕድሜ በመስጠት ነው። በፍጥነት የሚገኘው ትርፍ ወሰን እንዳለው በ2014 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሰልቷል፤ የሜምብሬኑ አሳላፊነት ሦስት እጥፍ ቢሆን የባሕር ውሃን ለማጣራት የሚጠፋው ጉልበት የሚቀንሰው 15 በመቶ ገደማ ነው። ጨው ያነሰበት ውሃ ላይ ግን ቅናሹ 46 በመቶ ይደርሳል። የሸለቆው ጉድጓድ በሁለተኛው ወገን ነው፤ 1000 ሚሊግራም ጨው ያለበት ሊትር ውሃ የኦስሞቲክ ግፊቱ (ጨዉ ውሃውን ወደ ኋላ የሚስብበት ግፊት) 1 ባር አይደርስም፣ ስለዚህ ፓምፑ የሚታገለው ከሜምብሬኑ ጋር ነው። ትርፉ የሚቆየው ግን ፍሎራይዱ እስከቀረ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ስሌት። ጉድጓዱ 8 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው እንበል፤ ሜምብሬኑም በላቦራቶሪ 90 በመቶ አስቀርቷል። ብዙ ሰው 0.8 ይወጣል ብሎ ይጽፋል። ክብ ማጣሪያ ላይ ከውሃው የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ከላይ ያለው አይበረታም። በእውነተኛ ጣቢያ ግን ከገባው 75 በመቶውን ንጹህ አድርገን ማውጣት እንፈልጋለን፤ ውሃው በሜምብሬኑ ላይ በሄደ ቁጥር የቀረው ፍሎራይድ ይበረታል፣ የሚያልፈውም ይጨምራል። ሲሰላ የተጣራው አማካይ 1.38 ይሆናል፤ ለመመዘኛው ያለፈው በጭንቅ ነው። 80 በመቶ የሚያስቀር ከሆነ 2.58 ይወጣል፤ አይጠጣም። ድርሻውን ወደ 50 በመቶ ብናወርደው እንኳ 2.07 ነው። ከ90 በመቶ በታች የሚያስቀር ሜምብሬን ለእንዲህ ያለ ጉድጓድ ብቻውን አይሆንም።

ተረፈ ውሃው ደግሞ በ75 በመቶ ድርሻ 28 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ይይዛል። የስምጥ ሸለቆ ብዙ ክፍል ወደ ባሕር የማይፈስ ዝግ ተፋሰስ ስለሆነ የተደፋው ሐይቅ ውስጥ ወይም ከብት የሚጠጣበት ጉድባ ውስጥ ነው የሚቀረው። በፕላስቲክ የተነጠፈ የማትነኛ ኩሬ በጣቢያው ዕቅድ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። ሲሊካውም በአራት እጥፍ ይበረታል፤ 40 ሚሊግራም የነበረው 160 ይሆናል፣ በ25 ዲግሪ የሲሊካ መሟሟት ግን 120 አካባቢ ላይ ያቆማል። ሌላ አገር ሜምብሬን የሚደፍነው ኖራ ነው፤ እዚህ ሲሊካ ነው፣ ሲጋገርም አሲድ አይነቅለውም። ከ75 ይልቅ 60 በመቶ አካባቢ መቆየት ሜምብሬኑን ያድናል።

ሲሊካና ኦርጋኒክ ቆሻሻ የሚታጠበው ፒኤቹ 11 በሚደርስ አልካላይን ነው፤ ግራፊን ኦክሳይድን ይበልጥ የሚያላላውም ይኸው ነው። ስለዚህ ግራፊን ያለበት ሜምብሬን የሚገዛ የውሃ ቢሮ አቅራቢውን መጠየቅ ያለበት ከሠላሳ አልካላይን አጠባ በኋላ ፍሎራይድ ስንት እንደሚያስቀር፣ ሙከራው በየትኛው ውሃ፣ በስንት ድርሻ፣ በየትኛው ደጋፊ ላይ እንደተሠራ ነው። ጣቢያው ከተተከለ በኋላ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም በየቀኑ ከፊትና ከኋላ ይለካል፤ ፍሎራይድ በቲሳብና በኤሌክትሮድ በየሳምንቱ። የኋላው ንባብ በአንድ ቀን ዘልሎ ከወጣ የተቆረጠ የጎማ ቀለበት ወይም የተቀደደ ሜምብሬን ይፈለጋል። ሳምንት ከሳምንት በዝግታ እየወጣ፣ ፍሰቱም አብሮ እየጨመረ ከሄደ ድርድሩ እያበጠ ነው፤ ያኔ ማጠብ ያባብሰዋል፣ ሜምብሬኑ ይቀየራል።